ጠበልና ኪኒን፦ በተለወጠው ገጠር የፈውስ ጥያቄ

በኢትዮጵያ ደጋማ ገጠር የታመመ ሰው የሚደርስበት ደጅ ከአንድ በላይ ነው። በቀበሌው ጤና ኬላ፣ ራቅ ብሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወዲያ ሆስፒታል አለ። እነዚህ ሳይኖሩ የነበረው ጠበል ደግሞ ዛሬም በየገዳሙና በየደብሩ ይፈልቃል። አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ የሚይዝ በሽተኛ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ይሞክራል። ክርክር የሚነሣው ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። ሱባዔ ገብቶ የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ቢቀጥል እምነቱ ጎደለ ይባላል? ቢያቆመውስ በእግዚአብሔር ታመነ ወይስ እግዚአብሔርን ተፈታተነ? ጥያቄው የሃይማኖት ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሰውን ሕይወት ይወስናል።

በሰሜን ሸዋ እንደ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ፣ በአዲስ አበባ አናት ላይ እንደ እንጦጦ ማርያም፣ በባሕር ዳር አካባቢ እንደ ወንቅሸት ገብርኤል ያሉ የጠበል ስፍራዎች ከሩቅ አገር ሰው ይመጣባቸዋል። መጪው ሰባት፣ አሥራ አራት ወይም አርባ ቀን ሱባዔ ይይዛል። በማለዳ እህል ሳይቀምስ ይጠመቃል፤ ጠበሉን ይጠጣል፤ ካህኑ በመስቀል ይዳብሰዋል፤ እምነት የሚባለውን የተቀደሰ አመድ ይቀባል፤ ቅዳሴ እስኪያበቃ ምግብ አይነካም። ሌሊቱን ከሌሎች ሕሙማን ጋር በጎጆ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያድራል። አስታማሚ እናት ወይም ወንድም አብሮት ይሰነብታል። ወደነዚህ ስፍራዎች የሚመጡ ሙስሊሞችም አሉ፤ ሕመም የሃይማኖትን አጥር ሲያሻግር ማየት በተለይ በወሎ አዲስ ነገር አይደለም።

መድኃኒት ይቁም የሚሉትን ሰዎች አላዋቂ ብሎ ማለፍ አይገባም። የሐሳባቸው ሥር ይህ ነው፦ ፈውስ የሚገኘው ሁለንተናን በመስጠት ነው፤ ኪኒን በኪሱ ይዞ ወደ ጠበል የሚገባ ሰው ልቡን ከፍሏል። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ የነጻው የገዛ አገሩን ወንዞች ማወዳደር ትቶ እንደ ታዘዘው በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ስለ እምነት ትክክለኛ ነገር ይዟል፤ በግማሽ ልብ የሚደረግ ልመና ልመና አይባልም። የሚስተው መድኃኒትን የእግዚአብሔር ተፎካካሪ አድርጎ ሲቆጥር ነው። ንዕማንን የፈተነው ትዕቢቱ ነበር እንጂ በእጁ የያዘው መድኃኒት አልነበረም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር ያስተምራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር መሆኑን፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ያው ምዕራፍ በሽተኛው አስቀድሞ እንዲጸልይና ከበደል እንዲርቅ፣ ቀጥሎም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚህ ይልቅ ጠንካራው ማስረጃ የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ነው። ንጉሡ በሞት አፋፍ ሆኖ ጸለየ፤ አሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። የፈውሱ ተስፋ ከተሰጠው በኋላ ግን ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋው መድኃኒቱን ትርፍ ነገር አላደረገውም። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም እንደነበረ ጳውሎስ ይመሰክራል። በእስልምናም ነገሩ የተለየ አይደለም፤ ነቢዩ ሙሐመድ ሰዎች እንዲታከሙ ማዘዛቸው፣ አላህም መድኃኒት ያላበጀለት በሽታ እንዳላወረደ ማስተማራቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። በመጻሕፍቱ ደረጃ እንግዲህ ክርክሩ ያለቀ ነው።

ይኸው ሐሳብ በአደባባይም ተነግሯል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ቫይረሱ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች የተጠለሉበት ስፍራ ነበር። ብዙዎቹ ቤተሰብ የገፋቸው፣ ሥራና ቤት ያጡ ናቸው። ከመካከላቸው መድኃኒቱን መጀመር ጠበሉን መካድ የመሰላቸው፣ ጀምረውም ያቆሙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል ከነበረው ሥልጣን የተነሣ በሐኪም አፍ ሊነገር የማይችለውን ተናግሯል፤ ኪኒን የዋጠ ሰው ከበረከት እንዳልወጣ ያረጋገጠለት የቤተ ክርስቲያኑ አባት ነው።

የመጽሐፍና የፓትርያርክ ቃል እያለ ችግሩ በገጠር ለምን አልጠፋም? አንዱ ምክንያት የሁለቱ ሥርዓቶች ጊዜ አለመግጠሙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ የኤች አይ ቪ ዕድሜ ልክ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከቆመ የማያባራ ጥቃት አስከትሎ ሊገድል ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጠበሉ ግን የሚጠመቁት በባዶ ሆድ ነው፤ ሱባዔው ደግሞ ከጾም አይለይም። እዚህ ላይ ማንም ማንንም ባይከለክል እንኳ በሽተኛው በራሱ ጊዜ መድኃኒቱን ያሳድራል፤ አንድ ቀን የነበረው ሳምንት ይሆናል።

ለዚህም ቤተ ክርስቲያን መልስ አላት። ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርጋል፤ የነፍሰ ጡርና የአራስም ነገር በአባቶች ትምህርት የታወቀ ነው። ነገር ግን ፈቃዱን ተቀብሎ የሚጠቀምበት በሽተኛ ጥቂት ነው፤ ይህም በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። በገጠር ጾም የአንድ ሰው የግል ትጋት ብቻ አይደለም። ሁዳዴ ሲገባ የመንደሩ ድስት፣ የገበያው ሸቀጥ፣ የቡና ሰዓቱ ሳይቀር አብሮ ይለወጣል። በዚያ መካከል ለብቻ የሚበላ ሰው ምሕረት የተደረገለት ሳይሆን ከማኅበሩ የተነጠለ ሆኖ ይሰማዋል። ሕመም ከእርሻው፣ ከደቦው፣ ከሰንበቴው አስቀርቶታል፤ ከሌሎች ጋር እኩል የሚያደርገው የቀረው አንድ ነገር ጾሙ ነው፤ እሱንም ተው ሲባል የመጨረሻው ክብሩ የተወሰደበት ይመስለዋል። ስለዚህ “ሕግ ይፈቅድልሃል” ማለት ብቻውን አያሳምነውም። የሚረዳው ሕመሙን መታገሱ ራሱ እንደ ጾም የሚቆጠርለት መሆኑን ከሚያምነው ሰው አፍ ሲሰማ ነው። ለብዙ ሕሙማን ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ ይህን ለመጠየቅ ግን በሽተኛው ጠበል ላይ እንዳለ ለጤና ባለሙያው ሳይፈራ መናገር አለበት። ጠበልን የሚያናንቅ ባለሙያ ይህን እውነት ከቶ አይሰማም፤ ሳያውቀውም በሽተኛውን ያጣል።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታው ከየት መጣ ለሚለው የሚሰጠው መልስ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን በደለ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ክርስቶስን ሲጠይቁት እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መለሰላቸው። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ግን በየመንደሩ ዛሬም ይጠየቃል። በጎጃምና በሌሎች ቀይ አፈር ባላቸው ደጋዎች የአርሶ አደሩን እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው በሽታ ለዚህ ምስክር ነው። በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል፤ ይህን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። በመንደሩ ሰው ዘንድ ግን በዘር የሚተላለፍ እርግማን ተደርጎ ስለሚታሰብ የታማሚው ልጆች ትዳር ይከለከላሉ፤ እርሱም ከሰው መካከል ይሸሻል። በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው፣ ድህነቱ ያመጣበትን ሕመም የኃጢአት ምልክት አድርገው ሲቆጥሩበት፣ በደል ሁለት ጊዜ ደረሰበት። ይህን ዓይነቱን ፍርድ ከወንጌሉ ቃል ጋር ማስታረቅ አይቻልም።

የኑሮው መለወጥ ደግሞ መንደሩ የማያውቀውን በሽታ ያመጣል። በደጋው መሬት በውርስ እየተከፋፈለ ስለጠበበ ወጣቱ በአጨዳ ወራት ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ይወርዳል። ብር ይዞ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ወባ ወይም ካላዛር የተባለ በሽታ ይዞ ይመለሳል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ሲታወቅ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነበር፤ በሽታው በዚያ አካባቢ የተለመደ አልነበረምና። የጤና ተቋሙ ራሱ በቶሎ ያልለየውን በሽታ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎ ሆዱ የተነፋና ሰውነቱ የመነመነ ልጁን የሚያይ አባት እንዴት ይለየው? ወደ ጠበል ይዞት ቢሄድ የሚያስነቅፍ አይደለም። ካላዛር ግን ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል፤ በጠበሉ ስፍራ የሚያልፉት ሳምንታት ውድ ናቸው። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚያገለግል ካህን የሕመሙን ምልክት ቢያውቅና “ተጠመቅ፤ ነገ ደግሞ ሆስፒታል ሂድ” ቢል አገልግሎቱ ይበዛል እንጂ አይቀነስም።

የአእምሮ ሕመም ከሁሉ ይከብዳል። አእምሮው የታወከን ሰው ቤተሰቡ ርኩስ መንፈስ እንደያዘው አምኖ ወደ ጠበል ሲያመጣ ብዙ ጊዜ ሌላ ምርጫ የለውም፤ የአእምሮ ሐኪም ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። ጠበሉ ደግሞ ሆስፒታል የማይሰጠውን ይሰጣል፦ ረጅም ጊዜ፣ የሚጸልይለት ማኅበር፣ ሕመሙን የሚረዳበት ትርጉም፣ ሲድን የሚቀበለው መንደር። በዚያው ስፍራ ግን ለራሱና ለሌላው ተፈርቶ በሰንሰለት የሚታሰር ሕመምተኛ አለ። ቤተሰቡ ይህን የሚያደርገው ከጭካኔ ሳይሆን ከጭንቀት ነው፤ ያም ቢሆን በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረን ሰው ወራት ሙሉ በብረት ማሰር በማንኛውም ሃይማኖታዊ ምክንያት ሊጸድቅ አይችልም። በእንጦጦ የአእምሮ ሐኪሞች ከጠበል አገልጋዮች ጋር ተስማምተው በስፍራው ሕክምና መስጠት መጀመራቸው ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይቷል። ሕመምተኛው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒት ያገኛል፤ ሲረጋጋም ሰንሰለቱ የሚፈታበት ምክንያት ይገኛል።

የወሊድ ነገር የተሻለ ሄዷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን መደበ፤ አብዛኞቹ ከዚያው አካባቢ የወጡ በመሆናቸው ከእናቶች ጋር በአንድ ቋንቋና በአንድ ልማድ ይነጋገራሉ። በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በ2003 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 10 ያህል ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። አምቡላንስና መንገድ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቡና እንዲፈላ፣ ሴቶች ተሰብስበው ማርያምን እንዲማጸኑ መፈቀዱ እናቶችን ከቤታቸው ያወጣ ነገር ነው። ወላዷ ልማዷን ከደጅ ጥላ እንድትገባ አልተጠየቀችም። ለጠበልና ለመድኃኒት ጉዳይም ከዚህ የተለየ ዘዴ አያሻም።

ወጪውም በእምነት ቋንቋ ተሸፍኖ ይቀርባል። ሩቅ ሆስፒታል ለመሄድ በሬ የሚሸጥ ገበሬ በቀጣዩ ክረምት የሚያርስበት የለውም፤ ልጁን ለማዳን የቤተሰቡን ጉሮሮ ይዘጋል። ጠበል ገንዘብ አይጠይቅም። “እግዚአብሔር ያውቃል” ብሎ የሚቀመጥ አባት አንዳንዴ በእምነቱ ሳይሆን በእጦቱ ተወስኖ ነው፤ ይህን የማይረዳ ሰባኪም ሆነ ሐኪም አስተያየቱ ይሳሳታል። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ የሚያደርስ እድርና የወሎው ቅሬ ከቀድሞም ይህን ሸክም ይጋሩ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የዚያው የመረዳዳት ልማድ ሰፊ መልክ ነው። በዓመት በምትከፈል መዋጮ የበሬው ሽያጭ ሲቀር፣ በኪሱ ባዶነት የተወሰነው ነገር እንደገና የሕሊና ውሳኔ ይሆናል።

ያ ውሳኔ ደግሞ በአብዛኛው የሚያርፈው በንስሐ አባት ላይ ነው። የፓትርያርክ ቃል በሬዲዮ ይሰማል፤ የሲራክ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ “መድኃኒቴን ላቁም ወይ?” ተብሎ የሚጠየቀው ግን የልጅ ልጆችን ሲያጠምቅ፣ ሲያጋባና ሲቀብር የኖረው የቤተሰቡ ካህን ነው። እርሱ ከጾሙ በሥልጣኑ ሊፈታው፣ ሱባዔውን እንደ ሕመሙ አቅም ሊወስንለት፣ ኪኒኑን በጠበሉ እንዲውጥ ሊያዝዘው ይችላል። የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የእርሱው የንስሐ ልጅ ናት። በአንድ ቀበሌ ያሉት እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ በሽተኛ ከተነጋገሩ፣ በመጻሕፍቱ የተፈታው ክርክር በጎጆው ውስጥም ይፈታል፤ ካልተነጋገሩ በሽተኛው በሁለት ትእዛዝ መካከል ለብቻው ይቀራል።