ማንም ሳይጠላት የምትጠፋ ጃርት

ይህች ጽሑፍ የተነሣችው ከአንድ የቅጠል ክምር ነው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር መጀመሪያ እኛ ስድስት ወጣቶች በሰሜን ለንደን የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ቤት ሄደን ጓሯቸውን እናጸዳ ነበር። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ጓሮ አልወጡም፤ ሣሩ አድጓል፣ ከአጥሩ ሥር ቅጠሉ ተከምሯል። በጎ ሥራ እየሠራን መሆናችንን ስለምናውቅ ልባችን ቀሎት ነበር። ከመካከላችን አንዱ ክምሩን በብረት መንሽ ወግቶ ሲያነሣው ከውስጡ አንድ እሾሃም ድቡልቡል ነገር ተንከባለለ። «አይጥ ነው!» ብለን ሸሸን።

አይጥ አልነበረም። እንግሊዞች ሄጅሆግ የሚሏት ትንሽ ጃርት ነበረች። ጩኸታችንን የሰሙት የጎረቤቱ ሽማግሌ ከአጥሩ በላይ አይተውን፣ ጓንት አድርገን በፎጣ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ እንድናስገባትና የተጎዱ የዱር እንስሳት ወደሚታከሙበት ቦታ እንድንወስዳት ነገሩን። አልተቆጡንም፤ የበለጠ ያቃጠለንም አለመቆጣታቸው ነው። በመኪና ወሰድናት። ስትመዘን 380 ግራም ሆነች። ለብርዱ ወራት እንቅልፍ የሚበቃ ስብ አልነበራትም፤ በዚያ ላይ መንሹ ጎኗን አግኝቷታል። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ «በዚያ ክብደት ክረምቱን አታልፍም ነበር፤ ስለዚህ እኛ አልገደልናትም» አለ። ሌላዋ እኅታችን «ታሞ ሊሞት የተቃረበን ሰው በመኪና የገጨ ሹፌር እንዲህ ብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል?» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር ሲነሣ ሰንብቷልና ብዕር ማንሣታችን ስለዚህ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ቃል። በአገራችን ጃርት ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ረጃጅም ወስፌ የሚመስል እሾህ ያለውን፣ የገበሬውን ድንች እየቆፈረ የሚያጠፋውን ትልቅ እንስሳ ነው። የእንግሊዟ ጃርት ግን ከእርሱ ጋር የምትገናኘው በስምና በእሾህ ብቻ ነው። ያኛው ከአይጥ ወገን ሲሆን ይህች አይደለችም። በሁለት እጅ መዳፍ ትያዛለች፤ አጫጭር እሾሆቿ ከ5,000 በላይ ናቸው፤ ምግቧም ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬ፣ የምድር ትልና የመሳሰለው ነው። ስለዚህ አትክልት ለሚተክል ሰው ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለችም። እንግሊዞችም ይወዷታል፤ ለሕፃናት በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ሳትቀር አለች።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ግምት መሠረት በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ የቀሩት 879 ሺህ ያህል ናቸው። በ2020 በብሪታንያ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አጥቢ እንስሳት ተርታ ተመዘገበች። በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ በገጠር ከ2000 ወዲህ እንደ አካባቢው ከ30 እስከ 75 በመቶ መቀነሷን ሲገልጽ፣ በከተማ ግን ቁልቁለቱ የቆመ፣ እንዲያውም በመጠኑ ያንሠራራች እንደሚመስል ያመለክታል። ተኩላን ሰው የፈጀው ስለ ጠላው ነው፤ በጉን ይበላበታልና። ይህችን ጃርት ግን ማንም አልጠላትም። ታዲያ ማን አጠፋት?

ምክንያቱ ሲቆጠር እያንዳንዱ ጥቃቅን ነው። በገጠር ገበሬው ማሳውን ለማስፋት የቁጥቋጦ አጥሩን ነቀለ፤ ለሰብሉ ብሎ በረጨው መድኃኒት ጥንዚዛው አለቀ። ባጀር የሚባለው አውሬም ይበላታል፤ ምግቧንም ይሻማታል። በመንገድ ላይ በዓመት እስከ 335 ሺህ የሚደርሱ በመኪና እንደሚሞቱ ተገምቷል። በከተማ ደግሞ አንዱ ጓሮውን ለመኪና ማቆሚያ በሲሚንቶ ሸፈነ፤ ሌላው የጣውላ አጥሩን እስከ መሬት ድረስ ደፈነ። እርሷ ግን በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ሁለት ትጓዛለች፤ አንድ ጓሮ ቢዘጋባት ቤቷ ሳይሆን መንገዷ ነው የተዘጋው። ጠላት ሲመጣባት ደግሞ አትሸሽም፤ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ይህ ዘዴ ቀበሮን ለማሸነፍ ለብዙ ሺህ ዘመን በቅቷታል። የመኪና ጎማና የሣር ማጨጃ ምላጭ ግን እሾህ አይፈሩም።

ፊሊፕ ላርኪን የተባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1979 በሐል ከተማ የጓሮውን ሣር ሲያጭድ አንዲት ጃርት በማጨጃው ገድሎ ስለዚሁ ግጥም ጽፏል። ይህን ያወቅን ዕለት የመንሹ ባለቤት የሆነው ወንድማችን «እንግዲህ ብቻዬን አይደለሁም» አለ። ሳቅንበት፤ ኋላ ግን ስናስበው የሚያሥቅ አልነበረም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ብዙ ሰው አንድን ሰው በድንጋይ ሲወግር የገደለው የማን ድንጋይ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ነገር ግን ስለማይታወቅ ሁሉም ንጹሕ ነው የሚል ዳኛ አይገኝም። ይህን ምሳሌ ስናቀርብ አንዱ ጓደኛችን በትክክል ነቀፈው፤ ወጋሪዎቹ ለመግደል አስበው ነው የወረወሩት፣ አጥር የሚያጥር ሰው ግን ያሰበው ልጁን ከመንገድ ለመጠበቅ ነው ብሎ። እውነት ነው። ሆኖም ክርክሩ እዚህ ላይ አላቆመም፤ አለማወቅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ወደ ማየት አደረሰን እንጂ። አንዱ ሊታወቅ የማይቻለውን አለማወቅ ነው፤ ይህ አያስወቅስም። ሁለተኛው ግን ጠይቆ ማወቅ ሲቻል ሳይጠይቁ መቅረት ነው። እኛ በዚህ አገር ከተወለድን ወይም ካደግን ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ በቅጠል ክምር ውስጥ ምን እንደሚተኛ አንድም ቀን አልጠየቅንም። የሰፈሩን የአውቶቡስ ቁጥር ሁሉ እናውቃለን፤ ከአጥራችን ሥር የሚኖረውን ግን አናውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጃርት በስሕተት ገደልናት ብንል ያስኬድ ይሆናል። በዚህ ዓመት በሌላ ክምር ላይ መንሽ ብናሳርፍ ግን ስሕተት የሚለው ቃል አያስጥለንም።

አንድ ከባድ ጥያቄ ደግሞ ከመካከላችን ተነሣ። «በአገር ቤት ወገናችን ተፈናቅሎ ሳለ፣ እዚህ ተቀምጦ ስለ ጃርት ማልቀስ ጥጋብ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂው በየወሩ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ስለ ሆነ ቀልለን ልናልፈው አልደፈርንም። ለጃርት የድመት ምግብ የሚገዛ፣ ለዘመዱ ግን ስልክ የማያነሣ ሰው ቢኖር ነቀፋው ይገባዋል። ይሁን እንጂ አጥር ሥር ቀዳዳ መተው ከማንም አፍ እንጀራ አይነጥቅም። ደግሞም እንደታዘብነው፣ ስለ ጃርት ግድ የለኝም ያለ ሰው በዚያ ባተረፈው ሐዘን ለሰው ሲያዝንበት አላየንም።

ደግነትም ቢሆን ያለ ዕውቀት እንደሚጎዳ እንመስክር። ብዙ ደግ ሰዎች በሳሕን ወተት ያኖሩላታል፤ ወተት ግን ሆዷን ያውካታል፤ የሚሻላት ውኃ ነው። በስኮትላንድ ባለችው በሳውዝ ዩስት ደሴትም እ.ኤ.አ. በ1974 ሰዎች የአትክልታቸውን ተባይ እንድትበላ ብለው ጃርት አመጡ። በዚያ አልነበረችምና ስትበዛ መሬት ላይ የሚጥሉትን የወፎች እንቁላል ትበላ ጀመር። በ2003 መንግሥታዊው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት መግደል ጀመረ፤ ሕዝቡ ስለ ተቆጣ በ2007 መግደሉ ቀርቶ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ተጀመረ። ስለዚህ «ጃርትን ማዳን ሁልጊዜ መልካም ነው» ብለን መጻፍ አንችልም።

በአንጻሩ አድሪያን ኮልስ የተባሉ የጦር መኮንን ከብት እንዳያልፍ በመንገድ ላይ በብረት ፍርግርግ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀች አንዲት ጃርት አገኙ። አውጥተዋት ብቻ አልሄዱም፤ ሌሎች ቢወድቁ ራሳቸው እንዲወጡ በየጉድጓዱ መወጣጫ እንዲደረግ ተሟገቱ፤ በ1982ም ለጃርቶች የቆመ ማኅበር መሠረቱ። እኛን የማረከን መወጣጫው ነው። ማንንም አይወቅስም፤ ጉድጓዱንም አይደፍንም።

በ2011 ይኸው ማኅበር ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ በጀመረው ዘመቻ ሰዎችን የሚለምነው በአጥራቸው ሥር 13 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ እንዲከፍቱ ነው። የድመት ራስ የሚያህል ማለት ነው። ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪነቱ ግን ብቻውን የማይፈጸም መሆኑ ነው። እኔ ብከፍት ጎረቤቴ ካልከፈተ የእኔ ቀዳዳ ወደ ግድግዳ የሚያደርስ መንገድ ነው። ለዚህች እንስሳ መልካም ለማድረግ በመጀመሪያ የጎረቤትን በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ ይህም በለንደን ከመጋዝ ሥራው ይከብዳል።

በመጋቢት ወደ እማማ ተመልሰን ነገሩን አስረዳናቸው። «ልጆቼ፣ በዚያ አይጥ ቢገባብኝስ?» አሉ። አይጥ ያለዚያም መግቢያ እንደማያጣ ነግረናቸው፣ ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ ያቺ ምስኪን በእኔ ጓሮ ነው የሞተችው፤ ቅደዱት» አሉን። በሽማግሌው በኩል ያለውን አጥር መጋዝ የያዙት ራሳቸው ሽማግሌው ሆነው ቀደድን። በማዶው በኩል ያሉትን ጎረቤት ሦስት ጊዜ አንኳኩተን አልከፈቱም፤ ደብዳቤ በበሩ ሥር አስገብተናል። መልስ እስካሁን አልመጣም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግመን እንሄዳለን።