ሁለተኛ ጊዜ እጁን ጫነበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ሰሞኑ መፃጉዕ ነው። 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ የነበረውን ሰው ስናስብ እናንተም ትታሰቡናላችሁ፤ ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ በሚሉት ሕመም በልጅነት የተጣመመ አከርካሪያችሁ በብረትና በብሎን ተቃንቶ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ «እንደገና ይከፈት» የተባላችሁ። «ያኔ ተስለን ስለታችንን አገባን፤ አሁን ደግሞ ምን በደልን?» ትላላችሁ።

ምንም። አንድ ላይ የተያያዘው አጥንት አይታጠፍም፤ ሸክሙ ከበታቹ ባለው መጋጠሚያ ላይ ይወድቅና ያ በጊዜ ብዛት ያልቃል። አንዳንዴም አጥንቱ በደንብ ሳይያያዝ ይቀርና ብረቱ ይሰበራል። ይህ የሥጋ ጠባይ እንጂ ቁጣ አይደለም።

የቤተ ሳይዳውን ዕውር አስቡ (ማር. 8፡22-25)። ጌታችን መጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ታዩት፤ ዳግመኛ እጁን ሲጭንበት አጥርቶ አየ። አንድ ቃል ይበቃው የነበረ አምላክ! ታዲያ የመጀመሪያው ዳሰሳ ከንቱ ነበር የሚል ማነው? እናንተም ቀጥ ብላችሁ የተማራችሁበት፣ ልጅ ያሳደጋችሁበት ዘመን ከእርሱ የተሰጠ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዶክተር ሪክ ሆደስ ከአዲስ አበባ ጋና ወዳሉት ዶክተር ቦአቺ-አጄይ የላኳቸው ጀርባቸው የጎበጠ ልጆችም፣ የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ከየካ ሚካኤል ሰፈር ተነሥታችሁ እንጦጦ ጠበል ስትወጡ «ጠበል እያለ ቢላዋ ምን ይሠራል?» የሚላችሁ አይጠፋም። የዋህ ነው፤ ግን ሰው ይጎዳል። በእንጦጦ ጠበል ብለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የተዉ ሕሙማን በነበሩበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ አስተምረዋል። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይለናል።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ መሸሸግ አያስፈልግም። በጠባሳ ውስጥ ያልፋል፣ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ማገገሙም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ለነርቭ የሚያሰጋው ምን ያህል ነው? ቢቀርስ ምን ይመጣል? የጀርባ ሕመም ሁሉ ቢላዋ አይሻም።

ጾሙስ? ቁስል የሚጠግነው በምግብ ነውና ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል። ስግደቱም እንዲሁ፤ ወገቡ የማይታጠፍ ሰው ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ማን ይከሰዋል? ደግሞ ለማደንዘዣ ሆድ ባዶ መሆን አለበትና፣ ከተነገራችሁ ሰዓት በኋላ ጠበልም ቢሆን አትጠጡ (ጠበል አይቆጠርም የሚል አለ!)፤ ቀደም ብላችሁ ጠጡ። ሐኪሙ ቁስሉ ደርቋል ሳይላችሁም አትጠመቁ።

የክርስትና ስማችሁን ለካህኑ ሰጥታችሁ ግቡ፤ በቅዳሴ ያስባችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።