ተከራዩም ባልንጀራችን ነው



በዚህ እትም ልናስተነትን የወደድነው ስለ ቤት ነው፤ ይኸውም ሰው ከሥራው ሲመለስ ጎኑን ስለሚያሳርፍበት፥ ልጆቹን ስለሚያሳድግበትና የማታ ጸሎቱን ስለሚያደርስበት መኖሪያ ነው። ይህ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በየጥቂት ወሩ ዕቃውን ተሸክሞ የሚሰደድ ቤተሰብ ልጆቹን ወደ ትምህርተ ክርስቶስ አዘውትሮ ለመላክ፥ ከጎረቤቱ ጋር ለመዛመድ፥ በእድርም ለመታቀፍ ይቸገራል። ስለዚህ የቤት ችግር የነፍስም ችግር ይሆናል።

እኛ የጨንቻ ደጋ ልጆች ቤት ምን እንደ ሆነ ከአባቶቻችን ተምረናል። የዶርዜን ቤት ተመልከቱ። ቀርከሃው ተሰንጥቆ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጎነጎናል፤ ቁመቱ ከፍ ይላል፤ ፊቱም የዝሆን ራስ ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላልና ቤቱ በዕድሜው ልክ እያጠረ ይሄዳል። ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ሲያስፈልግም ጎረቤት ተጠራርቶ በትከሻው ይሸከመዋል። ቤቱ የአንድ አባወራ ነው፤ ሸክሙ ግን የመንደሩ ሁሉ ነው። ይህን ልማድ ያቆዩልን አባቶች ያለ መጽሐፍ የወንጌልን ፍሬ ነገር እንደ ፈጸሙ እናምናለን።

ዛሬ ግን ልጆቻችን ወደ ቆላ ወርደዋል። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ያ ማዕረግ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ሴቻና ሲቀላ እየሰፉ ሄዱ። በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ተማሪው፥ መምህሩና ነጋዴው ከየአቅጣጫው መጣ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 40 ሺህ ያህል የነበረው የከተማዪቱ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 75 ሺህ ያህል ደርሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ እድገቱ አልቆመም። የደጋው መሬት ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ስለ ጠበበ ወጣቱ መውረዱን አንነቅፍም። ከእርሱ በፊትም ሸማኔ አባቶቹ እስከ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወጥተው በእጃቸው ሥራ ኖረዋል።

ነገር ግን ከደጋ የወረደው ወጣት በከተማ የሚያገኘው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ደላላ ያገኛል። ቀጥሎም ከግቢ ጀርባ የተሠራች፥ ጭቃዋ የተላጠ፥ ቆርቆሮዋ በቀን የሚያቃጥል አንዲት ክፍል ያገኛል። የብዙ ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠየቃል፤ ገና ሳይደላደል ይጨመርበታል። ውኃ የሚቀዳበት ሰዓት፥ መብራት የሚያጠፋበት ሰዓት ይወሰንበታል። እንግዳ አይምጣብህ ይባላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን፥ ሚስት አግብቶ ልጅ ሲወልድ፥ ልጅ ላለው አናከራይም የሚለው ቃል ነው። ወገኖቻችን ሆይ፥ ልጆቻችንን ወደ ጥምቀት እያመጣን የሌላውን ልጅ ከደጃችን ብንመልስ ምን ዓይነት ክርስትና ይሆናል? ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ታቅፈው ቢመጡ፥ እንዲህ ያለው በር ለእነርሱም የተዘጋ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የሙሴ ሕግ ያበደረ ሰው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት ዘልቆ እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል (ዘዳ. 24፥10-11)። ዕዳ ያለበት ድሃ እንኳ በጎጆው ውስጥ ክብር አለው ማለት ነው። የሱነም ሴት ከባልዋ ጋር ተመካክራ ለነቢዩ ኤልሳዕ በሰገነት ላይ ትንሽ ክፍል አዘጋጀች፤ በውስጧም አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ አኖረች (2ነገ. 4፥8-10)። ክፍሏ ትንሽ ነበረች፤ ነገር ግን ሰው ለሰው የሚያስፈልገው ነገር አልጎደለባትም። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮም እስረኛ ሳለ ሁለት ዓመት ሙሉ በኪራይ ቤት ተቀምጦ የሚመጡትን ሁሉ እንደ ተቀበለና እንዳስተማረ ተጽፏል (ሐዋ. 28፥30-31)። የዚያ ቤት ባለቤት ስም አልተጻፈልንም፤ ነገር ግን እንግዳ አይግባብኝ ብሎ ቢከለክል ኖሮ ወንጌል በዚያ ደጅ ባልተሰበከ ነበር።

እናት ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ታስተምራለች። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሰላም በጻፉት መልእክት መጠለያን ከሰው መሠረታዊ መብቶች ጋር ቆጥረውታል። የተባበሩት መንግሥታት 1987 እ.ኤ.አ.ን የመጠለያ አልባዎች ዓመት ብሎ በሰየመ ጊዜ፥ የቅድስት መንበር የፍትሕና የሰላም ጉባኤ ቤት ስለሌለው ወንድም የሚጠይቅ ልዩ ሰነድ አወጣ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ፍጥረት ጥበቃ በጻፉት መልእክት የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ከሰው ክብርና ከቤተሰብ እድገት ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳስበዋል።

በሀገራችንም መንግሥታት በየዘመናቸው ሞክረዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፥ ኪራይም ቀነሰ፤ ከዝቅተኛው ኪራይ ግን ለእድሳት የሚበቃ ባለመገኘቱ ብዙ የቀበሌ ቤቶች እየፈራረሱ ሄዱ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተዘረጋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ብዙዎችን አስጠለለ፤ ቅድመ ክፍያውን ወይም የባንክ ዕዳውን ያልቻለው ድሃ ግን ከዕጣው ውጭ ቀረ፥ ወይም የደረሰውን ቤት ለሌላ አከራየ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አፈጻጸሙ በክልሎች ውሳኔ የሚመራ ቢሆንም፥ ለኅሊናችን ግን ዛሬውኑ መለኪያ ሊሆነን ይችላል። ሕግ ከሰው ልብ ውጭ ቆሞ ብቻውን አይሠራም፤ በቃል ተስማምቶ በወረቀት ሌላ መጻፍ የሚቻል ነውና።

ይህን ስንል አከራዩን ሁሉ በዳይ ማለታችን አይደለም። ከሟች ባልዋ በቀረላት ግቢ አንዲት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታስተምር እናት በመካከላችን አለች። የሲሚንቶውና የቆርቆሮው ዋጋ ሲወጣ፥ የገበያው ውድነት ሲከብዳት እርስዋም ትጨነቃለች። ተገቢ ኪራይ መቀበልዋ መብትዋ ነው፤ ተከራዩም ኪራዩን በጊዜው መክፈል፥ ቤቱን እንደ ራሱ ቤት መጠበቅ ግዴታው ነው። የምንነቅፈው የወንድምን መቸገር የትርፍ አጋጣሚ ማድረግን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚያከራይ ምእመን ሁሉ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ ይህችን ክፍል ልጄ ቢከራያት ኖሮ በዚህ ዋጋ፥ በዚህ ጣራ ሥር፥ በዚህ ደንብ እንዲኖር እፈቅድ ነበርን? ካልፈቀደ፥ ወይ ኪራዩን ይቀንስ፥ ወይ ጣራውን ይጠግን፥ ወይ ደንቡን ያሻሽል። የቁምስና ምክር ቤቶች ከደጋ አዲስ የሚወርዱትን ወጣቶች ስም ይያዙ፤ ክፍል ካላቸው ምእመናን ጋር ያለ ደላላ ያገናኙዋቸው። እድሮቻችን በቦታው ዕድሜ ሳይገድቡ ተከራይን ይቀበሉ፤ እቁብተኞችም የመጀመሪያውን ዕጣ ቅድመ ክፍያ ለቸገረው መልቀቅን ይልመዱ። ካቴኪስቶች ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ ስታስተምሩ፥ የስርቆትን ኃጢአት ከኪስ አውላቂ ጋር ብቻ አታያይዙት፤ ያለ አግባብ የተጨመረ ኪራይም በዚያው ትእዛዝ ይመዘናል።

ጠብ ሲነሣም አባቶች አሉን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻችን ሲገደሉና ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፥ በአርባ ምንጭ የተቆጣው ወጣት በሌላው ወገን ላይ እንዳይነሣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ሰማቸው። ያን የሚያህል ቁጣ ያበረደ ሽምግልና በአንድ ግቢ በሚኖሩ አከራይና ተከራይ መካከል መቀመጥ አያቅተውም። ዕቃ ወደ ውጭ ከመጣሉ በፊት ሽማግሌ ይጠራ።

አባቶቻችን የጎረቤታቸውን ቤት በትከሻቸው ተሸክመዋል። የከተማ ቤት በትከሻ አይነሣም፤ በፍትሕ፥ በታማኝነትና በትዕግሥት ግን ሸክሙን መካፈል ይቻላል። በመካከላችን ያደረ ጌታ ለሁላችን የማያልፈውን ማደሪያ ያዘጋጅልን፤ እስከዚያ ድረስ እርስ በርሳችን ደጃችንን የምንከፍት ያድርገን። የቅዱስ ዮሴፍ ጸሎት ቤቶቻችንን ይጠብቅ። አሜን።