ሐውልት ዕዳ ይከፍላልን?

ኑሮውን በስኮትላንድ ያደረገ አንድ ወንድማችን በቅርቡ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «ፎልከርክ በምትባል ከተማ አጠገብ ጀልባ የሚያነሣ ትልቅ መንኮራኩርና 30 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት የብረት ፈረሶች አሉ። ልጆቼ ካላየን ብለው አስቸገሩኝ። ልውሰዳቸው ወይስ ሐውልት ነውና ይቅርባችሁ ልበላቸው?» ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሲያስቡበት ግን ከፎልከርክ ተነሥቶ እያንዳንዳችን ደጃፍ ድረስ የሚደርስ ሆኖ አገኘሁት።

ስለ መንኮራኩሩ የሚያከራክር ነገር የለም። ስኮትላንድን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የፎርዝና ክላይድ ቦይ እና ከኤድንበራ የሚመጣው የዩኒየን ቦይ የሚገናኙት ፎልከርክ ላይ ነው። አንደኛው ከሌላኛው እጅግ ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ፣ ጀልባ በሁለቱ መካከል የሚሻገረው በ11 የውሃ ደረጃዎች ነበር። በየደረጃው በር ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ ከዚያም በር ይከፈታል። ይህ ሁሉ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይፈጅ ነበር። ደረጃዎቹ እ.ኤ.አ. በ1933 ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቀው መንኮራኩር ግን ጀልባውን ከነውሃው ታቅፎ 24 ሜትር ያህል በጥቂት ደቂቃዎች ያወጣዋል። ለዚህም የሚፈጀው ኃይል ስምንት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ያህል ነው ይባላል። ምሥጢሩ ሚዛን ነው። ጀልባ ወደ ገንዳው ሲገባ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ገፍቶ ያስወጣል። ስለዚህ ጀልባ ያለበት ገንዳና የሌለበት ገንዳ እኩል ይመዝናሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውን ያነሣዋል። በሱረቱ አር-ረሕማን ስለ ሚዛን የተነገረውን ለሚያውቅ አማኝ ይህን ማየት ማስተንተን እንጂ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ሁለቱ የፈረስ ራሶች «ኬልፒስ» ይባላሉ። የቀረጻቸው አንዲ ስኮት ሲሆን፣ ግንባታቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ተጠናቆ በ2014 ለሕዝብ ተከፈቱ። እያንዳንዳቸው 300 ቶን ይመዝናሉ። ስማቸው የመጣው በፈረስ መልክ ከውሃ ወጥቶ ሰው ያሰጥማል ከሚባል የአገሩ ተረት ነው። የተቀረጹት ግን ክላይድስዴል በሚባሉት ግዙፍ የሥራ ፈረሶች አምሳያ ነው። የሕያው ፍጡርን ምስል መቅረጽ አብዛኞቹ ዑለማኦች እንደሚከለክሉት የታወቀ ነው። ሄዶ ስለ መመልከቱ የሚሰጠውን ፈትዋ ግን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ፤ ወንድሜም በአካባቢው ያሉትን ዑለማኦች ይጠይቅ። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ለእነዚህ ፈረሶች የሚሰግድ የለም፤ የቆሙት ለማስታወሻ ነው። ታዲያ ማስታወስ ዕዳ ይከፍላልን?

ዕዳው ምንድን ነው? የፎርዝና ክላይድ ቦይ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1768 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ1790 ነው። የዩኒየን ቦይ ደግሞ በ1822 ተከፈተ። አፈሩን በአካፋና በዶማ ያወጡት የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም እንጀራ ፍለጋ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ተራራማ ሰሜን የመጡ ናቸው። ጀልባውን በገመድ የጎተተው ፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1803 ሻርሎት ዱንዳስ የተባለች በእንፋሎት የምትሠራ ጀልባ በዚሁ ቦይ ላይ ተሞክራ ሌሎች ጀልባዎችን መጎተት ችላ ነበር። ይሁን እንጂ የምታስነሣው ማዕበል የቦዩን ዳርቻ ይሸረሽራል ተብሎ ተተወች። ፈረሱም መጎተቱን ቀጠለ። ልብ በሉ! ለቦዩ ዳርቻ የታሰበለትን ያህል ለፈረሱ ትከሻ የታሰበለት መሆኑን እንጃ። ከእነዚያ ፈረሶች ስንቱ ጠግቦ ስንቱ ተርቦ እንደ ጎተተ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዓዲያት በሚሮጡ ፈረሶች ምሏል። ሱራው ከፈረሶቹ ቀጥሎ የሚያነሣው ምን እንደ ሆነ አስተውላችኋልን? የሰው ልጅ ለጌታው ውለታ ቢስ መሆኑን ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ የአንሷር አትክልት ስፍራ ገብተው የሚያለቅስ ግመል ባዩ ጊዜ፣ አበሱለት፤ ባለቤቱንም አስጠርተው ስለሚያስርበውና ስለሚያደክመው ገሠጹት። ግመሉ ሲሞት መታሰቢያ ይቁምለት አላሉም። ዛሬ አብላው፣ ዛሬ አሳርፈው ነው መልእክቱ። ለሠራተኛም ቢሆን ደመወዙ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው ነው ያዘዙት። እንግዲህ በእስልምና ሐቅ ጊዜ አለው ማለት ነው። ጊዜው ካለፈ ዕዳው ወደ ቂያማ ቀን ይሻገራል እንጂ በድንጋይም በብረትም አይወራረድም። በዚያ ቀን ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ከባለ ቀንዷ ሐቋን እንደምትቀበል ተነግሮናል።

«ታዲያ ከመርሳት ማስታወስ አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይሻላል። የዓለም አደባባዮች በንጉሥና በጦር አዛዥ ሐውልት በተሞሉበት ጊዜ፣ ሸክም ጎታችን ማስታወሳቸው የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ያለው ማስታወስ ለሕሊና ማስተኛ ሲሆን ነው። አባቶቻችን «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላሉ። በሕይወት ሳለ ያላየነውን፣ ከሞተ በኋላ አንገቱን እናስረዝምለታለን። እነሆ፣ እዚያ 30 ሜትር ረዝሟል።

በእነርሱ ለመፍረድ ግን አንቸኩል። ወደ ራሳችን ከተሞች እንመለስ። ባጃጅ ገብቶ ጋሪ በቀነሰባቸው ከተሞች፣ ባለቤቱ ያባረረው ገጣባ ፈረስ አስፋልት መሐል ቆሞ ያላየ ማን አለ? ጉልበቱ ሳለ ልጆች አሳድጓል፣ የቤት ኪራይ ከፍሏል። ጉልበቱ ሲያልቅ አንድ እፍኝ ፉርሽካ ተነፈገው፤ መኪና እስኪገጨው ድረስ ይቆማል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። ያደረሰንን ግን ከደረስን በኋላ ዘወር ብለን አናየውም። ሰውንስ ቢሆን? ሚናራ ከፍ እንዲል ገንዘብ ስናዋጣ በስማችን የሚጻፈውን ሰደቃ እናስባለን። ድንጋዩን በትከሻው ያወጣው የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን በሰዓቱ መቀበሉን ስንቶቻችን ጠይቀናል? መስጊድ መሥራት ታላቅ ዒባዳ መሆኑ አያጠያይቅም። በተያዘ የሰው ደመወዝ ላይ የቆመ ግንብ ግን ለሠሪው ምስክር ይሆንለታል ወይስ ይመሰክርበታል?

ለወንድሜ የምለው ይህን ነው። ዑለማኦቹ ሂድ ቢሉህም ተው ቢሉህም ልጆችህን ከዚህ ትምህርት አታጉድላቸው። ጀልባ የገፋውን ውሃ ያህል ካላስወጣ ገንዳዎቹ እኩል እንደማይሆኑ ንገራቸው፤ ሰውም የተጠቀመውን ያህል ካልሰጠ ሚዛኑ ይዛባል። ከዚያም ሕያው ፈረስ ወዳለበት ወስደህ በእጃቸው ሣር እንዲያጎርሱት አድርግ። የብረቱ ፈረስ አይርበውም፤ ሐቅ ያለው እርሱ ዘንድ አይደለም።

አላሁ አዕለም።