«እስካሁን ይዟል» ማስረጃ ይሆናል?

መንዝ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ስለ ፍሬኑ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «እስካሁን ይዟል» ይላል። መልሱ ውሸት የለበትም። ሞተሩ ከመሐል ሜዳ ሞላሌ ተመላልሷል፣ በገበያ ቀን በበግና በሰው መካከል ተሹለክልኮ አልፏል፣ ልጅ ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ ቆሟል። አጠራጣሪው ነገር ሌላ ነው። ይኸው ሰው ነገ ሚስቱን ከኋላ አፈናጥጦ፣ ጭነት አስሮ፣ ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ይህ እውነት ይበቃዋል? ትናንት መያዙ ነገ ለመያዙ ምስክር ይሆናል? አይሆንም ባይ ነኝ። ምክንያቱ ግን በባዶ ሜዳ አይነገርም፤ ፍሬኑን መፍታት ይጠይቃል።

በገጠር መሥሪያ ቤቶች ብዙ ካገለገሉት ሞተሮች አንዱ የሆነው ያማሃ ኤጂ 100 የፊትም የኋላም ፍሬኑ ታምቡር ነው፤ የፊቱ በሽቦ ይሳባል። ዲቲ 125 አርን የመሰለው ግን ከፊት ዲስክ አለው፤ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚነክሰው ካሊፐር በዘይት ግፊት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ይህን ዓይነት ፍሬን በሰፊው ካስተዋወቀ ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። እጀታው ሲጨበጥ ከእሱ ጋር በተያያዘው ማስተር ውስጥ ያለው ትንሽ ፒስተን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይት በግፊት ስለማይታመቅ ኃይሉ በቱቦው ወርዶ የካሊፐሩን ትልቅ ፒስተን ያስወጣል፤ ፒስተኑም የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫነዋል።

እጀታው ሲለቀቅስ ፒስተኑን ማን ይመልሰዋል? ካሊፐሩ ውስጥ መላሽ ሞላ የለም። ሥራው የጎሚኒው ነው። ይህ ጎን ጎኑ ቀጥ ያለ የጎማ ቀለበት በካሊፐሩ ግድግዳ በተቆረጠለት ቦይ ውስጥ ተቀምጦ ፒስተኑን ያቅፋል። ፒስተኑ ሲወጣ አብሮት ትንሽ ይጠመዘዛል፤ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ከሚሊ ሜትር ክፋይ የማይበልጥ ወደ ኋላ ይስበዋል። ሸራው ከዲስኩ የሚላቀቀው በዚህች ታህል እንቅስቃሴ ነው። ዘይት እንዳይፈስ የሚከላከለው ቀለበት ራሱ መልቀቅንም ያስተዳድራል።

ሠላሳ ዓመት ያለፈው ካሊፐር ሲፈታ የሚታየው ይህችን እንቅስቃሴ የሚያስቀር ነገር ነው። ሸራዎቹ ከወጡ በኋላ ፒስተኑ በእጀታው ግፊት ቀስ እየተባለ ይገፋል፤ ፒንሳ አይነካውም፣ ፒንሳ የጫረው ፒስተን ጎሚኒውን ይበላዋልና። ከውጭ በኩል ጭቃና የሸራ ዱቄት ተጋግሮበታል፤ ውስጡ ያለው ዘይት እንደ ጠላ አተላ ጠቁሯል። አሮጌው ጎሚኒ በእንጨት ስንጥር ከቦዩ ይወጣል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አዲሱን አጥልቆ ሊገጥም ይቸኩላል። ወሳኙ ክፉ ነገር ያለው ግን ባዶ በሚመስለው ቦይ ውስጥ ነው። በባትሪ ብርሃን ሲታይ ጥጉን ተከትሎ ነጣ ያለ፣ እንደ ደረቅ ጨው የጠነከረ ቅርፊት አለ፤ አሉሚኒየሙ በእርጥበት የተበላበት ዝገት ነው። ይህ ቅርፊት ቦታ ስለሚወስድ አዲሱን ጎሚኒ ከበስተኋላው ይገፋዋል፤ የተገፋው ጎሚኒ ፒስተኑን አንቆ ይይዛል፤ የሚጠመዘዝበት ክፍተትም ያጣል። ስለዚህ ቅርፊቱ ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን ሽቦ፣ ቦዩን ሳይቧጭር፣ ብሩህ ብረት እስኪታይ ድረስ መፋቅ አለበት። ፒስተኑም በብርጭቆ ወረቀት አይታሽም። ክሮሙ ተልጦ ከሆነ ይለወጣል፤ መታሸቱ ለአንድ ሰሞን ያሳምረውና በሚቀጥለው ክረምት ዝገቱን ይጋብዛል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? የመጀመሪያው ነገር፣ በዚህ ሥራ ዓይን የሚያየውና ምክንያት የሚያሳየው ይለያያሉ። አካሉ የተላላጠው፣ ቀለሙ የጠፋው፣ አስቀያሚው ካሊፐር ይቀመጣል፤ መልኩ ደኅና የሚመስለው ጎሚኒ ይጣላል። መለኪያው ዕድሜም ውበትም አይደለም። አንዱ ክፍል የተሠራው ጸንቶ እንዲቆም ነው፤ ሌላው የተሠራው እየታጠፈ፣ እየተመለሰ፣ በመጨረሻ እንዲያልቅ ነው። የአንድን ነገር ጤንነት የምንፈርደው ከተሠራበት ዓላማ አንጻር እንጂ ከመልኩ አይደለም። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ የመጣ «ይመሳሰላል» የተባለ የመኪና ጎሚኒም የሚወድቀው በዚሁ ፈተና ነው፤ ከቦዩ ልክ ጋር ካልተስማማ ዘይት ቢያግድም ፒስተን አይመልስም።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። የማይለቅ ፍሬን በመጀመሪያ ሲታይ የሚይዝ ፍሬን ይመስላል። ሜዳ ላይ ባለቤቱ የሚያስተውለው ነገር ቢኖር ሞተሩ ትንሽ መክበዱን ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ያው ጥንካሬ የሚመስለው ነገር ወደ ድክመት ይገለበጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ፣ ሁለት ሰውና ጭነቱ ተደምረው 250 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ 1,000 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት ሰባት ሊትር ውሃን ከ10 ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል፤ ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሻገረው የመርሐቤቴ ተጓዥም ተመሳሳይ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ከሙቀቱ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ከፊሉን ማርሽ ይቀበለዋል። «በከባድ ማርሽ ውረድ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ይሁንና ዲቲን በመሰለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ማርሽ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ነዳጅ በተዘጋ መጠን ሞተሩ የሚደርሰው የማለስለሻ ዘይትም ይቀንሳል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ የሚወርደው ደግሞ ዕዳውን ሁሉ ለፍሬን ሸራዎቹ አሸክሟል።

ሙቀቱ በመጨረሻ የሚደርሰው ዘይቱ ጋ ነው፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ እንዳይፈላ ደረጃው ያስገድዳል፤ ውሃ ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው፤ ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140 ናቸው። እነዚህ የተለኩት በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው፤ መንዝ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሁሉ እንደሚያውቀው ከፍታ ላይ ፈሳሽ ቀድሞ ይፈላል፤ በ3,000 ሜትር ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የማይለቀው ሸራ ዲስኩን ያግላል፣ ዲስኩ ካሊፐሩን፣ ካሊፐሩ ዘይቱን። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት እንደ ዘይት ሳይሆን ይታመቃል፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ገብቶ ፍሬኑ እምቢ ይላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለማስረጃ ጥያቄያችን ትልቁ ቁም ነገር ነው። ሰውየው በዕድል ዳገት አግኝቶ ወይም ከገደል ጠርዝ በኩል ሳይሆን ከተራራው በኩል ወድቆ ቢተርፍ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እጀታውን ሲጨብጠው ይይዛል። ጋራዥ ቢወስደው መካኒኩ በሜዳ ሞክሮ «ምንም የለውም» ይለዋል። ጥፋቱ የራሱን ዱካ አጥፍቷል። በሕይወት የተረፈውም «እስካሁን ይዟል» ከሚሉት ጋር ይቆጠራል፤ ያልተረፈው ምስክርነት አይሰጥም። ስለዚህ ይህ አባባል የሚሰበሰበው ካላጋጠማቸውና ካመለጡት ብቻ ነው። የአንድ ወገን ምስክር ብቻ የተሰማበት ፍርድ ምስክሮቹ ቢበዙም ትክክል አይሆንም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ደጋው የኖረው በልማድ ዕውቀት አይደለም ወይ? የጓሳ ሣር ምሳሌ ይሆናል። መንዝ ቄሮ በሚባለው ነባር የጥበቃ ሥርዓቱ ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሣሩን እያጨደ ለብዙ ትውልድ አቆይቷል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ከቀረ በኋላም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ለዚህ ሁሉ የሙቀት ሒሳብ የሠራ የለም፤ «እስካሁን ሆኗል» በቅቷል። ታዲያ ለሣር የበቃ ማስረጃ ለፍሬን የማይበቃው ለምንድን ነው?

ተቃውሞው ትክክለኛ ቦታውን ሲያገኝ ሐሳቤን ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጓሳ ላይ የተሳሳተ ውሳኔ ይታያል፤ ሣሩ ይሳሳል፣ ሽማግሌው ይመለከታል፣ በሚቀጥለው ጊዜ መዝጊያው ይረዝማል። ስሕተቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ምልክት ይሰጣል፣ ለማረም ጊዜ ይተዋል። ልማድ አዋቂ የሚሆነው ስሕተቱ ተመልሶ ሲነግረውና የተሳሳተው ሰው ቆይቶ ሲሰማ ነው። ፍሬን ሁለቱም ይጎድሉታል፤ ጉዳቱ ተሰውሮ ይቆያል፣ ሲገለጥ ድንገት ነው፣ ሲያልፍ ዱካ የለውም። ስለዚህ ልማድና ምክንያት ጠላቶች አይደሉም፤ ግዛታቸው ይለያያል። ስሕተት በሚያስተምርበት ቦታ ልማድን ማመን ብልኅነት ነው። ስሕተት በሚገድልበት ቦታ ግን የነገሩን መነሻ አስቀድሞ መመርመር ግዴታ ይሆናል።

ይህ ግዴታ በተለይ የሚወድቀው መካኒኩ ላይ ነው፤ የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው በሕይወቱ ይሞክረዋልና። አንድ ጡረተኛ መምህር ሞተራቸውን አምጥተው «ጎሚኒውን ብቻ ቀይርልኝ፣ እስካሁን ይዞልኛል» ቢሉ፣ «ይሠራል፣ ይንዱት» የሚለው ቃል ሐቀኛ አይሆንም፤ ከተመረመረው በላይ ይናገራልና። ሐቀኛው ቃል እንዲህ ያለ ነው፦ «ጋሼ፣ ቦዩን ፍቄያለሁ፣ ጎሚኒውንና ዘይቱን ቀይሬ አየር አስወጥቻለሁ፤ እጀታውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ጨብጬው አልሰመጠም፤ ስለቀው ጎማው በነጻ ይዞራል። የማስተሩን ጎሚኒ ግን አልፈታሁትም፣ ቱቦውም የድሮው ነው። ቁልቁለት ከመውረድዎ በፊት እነሱም ይታዩ።» ይህ ንግግር ደንበኛ ያሸሽ ይሆናል። ነገር ግን መምህሩ ራሳቸው እንዲያመዛዝኑ ያደርጋቸዋል፤ ያወቀውንና ያላወቀውን ለይቶ መስጠት ለሰው አእምሮ የሚሰጥ ክብር ነው።

ባለቤቱም ከድርሻው አያመልጥም። ዘይቱ ሞተሩ ቢቆምም እርጥበት መጠጣቱን አይተውም፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር የሚመከረውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ዛሬ በትክክል «ደኅና ነው» የተባለ ፍሬን፣ ማንም ሳይነካው፣ ከጊዜ በኋላ ደኅና ላይሆን ይችላል። እውነተኛ ምስክርነትም የሚያገለግልበት ዘመን አለው። ለዚህ ነው ስለ ፍሬን የሚሰጥ ቃል ሁሉ ሦስት ነገር ሊይዝ የሚገባው፦ ምን እንደተመረመረ፣ ምን እንዳልተመረመረ፣ መቼ እንደተመረመረ። «እስካሁን ይዟል» ሦስቱንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ተናጋሪው ገና ከባዱን ቁልቁለት አለመውረዱን ወይም ወርዶ ማምለጡን ነው። ከእነዚህ ሁለት የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ሚስቱን ከኋላው የሚያፈናጥጥ ሰው፣ ቃሉ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ የማይገባውን እምነት እየጠየቃት ነው።