ጨውና መርዝ

ክፋት የሚያድረው በቁሱ ውስጥ ነው ወይስ ቁሱን በሚያቀናብረው ሰው ኅሊና? ጥያቄው የፈላስፎች ድርሻ ብቻ ይመስላል፤ ይሁንና በየቤታችን ከሚገኘው ጨው የተሻለ ምስክር አይገኝለትም።

ጨው የሁለት ንጥረ ነገሮች ውሑድ ነው። አንደኛው፣ ሶዲየም፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል የሚነድ ለስላሳ ብረት ነው፤ ሁለተኛው፣ ክሎሪን፣ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ነው። የሶዲየም አቶም ካሉት 11 ኤሌክትሮኖች አንዱ ብቻ በውጭኛው እርከን ይገኛል። ክሎሪን ግን ከ17 ኤሌክትሮኖቹ 7ቱን በውጭኛው እርከን ይዞ ስምንተኛውን ይሻል። ሶዲየም አንዷን ይለቃል፣ ክሎሪን ይቀበላል፤ ከዚያም አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሙል ይዘው ይሳሳባሉ። ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በግመል ወደ ደጋ ይጓዝ የነበረውና በአንድ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ የዚህ ትስስር ፍሬ ነው። ከሁለት አደገኛ ነገሮች የሕይወት ቅመም ተገኘ።

ያው ክሎሪን በሌላ ትስስር ሌላ መልክ አለው። የሰናፍጭ ጋዝ በሚባለው ውሑድ ውስጥ ሁለት የክሎሪን አቶሞች ከካርቦን ጋር ኤሌክትሮን ተጋርተው ይገኛሉ። ይህ ውሑድ ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቆስላል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን በወገኖቻችን ላይ ያዘነበችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ የተፈረመውን የመርዝ ጋዝ ክልከላ ተቀብላ ሳለ ይህን ፈጸመች፤ መንግሥቷም ድርጊቱን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

እንግዲህ በአሞሌውም በመርዙም ውስጥ ያለው የክሎሪን ኒውክሊየስ ያው 17 ፕሮቶን ነው። ክፋቱ በንጥረ ነገሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጨውም በገደለን ነበር። ከዚህ ተነሥተው «ሳይንስ ገለልተኛ ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ስለ አቶም እውነት ነው፤ ስለ ኬሚስቱ ግን ሐሰት ነው። የአፋርን ጨው ያለማንም ፈቃድ ተፈጥሮ አጋገረችው፤ መርዙን ግን ሰው አስቦ ቀመረው፣ ሰው በቦምብ ሞላው፣ ሰው ረጨው።

ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞንያን ሠርቶ ለማዳበሪያ ምርት መንገድ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ደግሞ በቤልጅግ፣ በኢፕር ግንባር፣ የክሎሪን ጋዝ ጥቃትን መራ። የመገበው እጅ የገደለውን እጅ ነጻ ያወጣዋልን? አያወጣውም። ምግባር እንደ ሸቀጥ በሚዛን ተቀናንሶ የሚጣፋ ዕዳ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ይጠየቃል።

«እኔ ቀመሩን ብቻ አገኘሁ»፣ «እኔ ብቻ ሞላሁ»፣ «እኔ ታዝዤ ረጨሁ» የሚለው ሰበብ ሰውን ከኤሌክትሮን ተርታ ያሰልፈዋል። ኤሌክትሮን ግን እንቢ ማለት አይችልም፤ ሰው ይችላል። ስለዚህ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ 17 ነጥቦችን ሲያሰፍር የተከዜን ቁስለኞችም ለተማሪው ይንገረው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ብሂላችን። ጨው ምርጫ የለውም፤ ብሂሉ የተነገረው ምርጫ ላለው ለሰው ነው።