የልጄ የሽቦ መኪናና የዳውድ ጥሩር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሌሎችን ጥፋት ስንነቅፍ እንታያለን። ዛሬ ግን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው።

ባለፈው ወር ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አንዲት መምህርት የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አስበው ዕቃ እንዲሠሩ ማስተማር መጀመሯን አስረዳችን። ካርቶን ይቆርጣሉ፣ ሽቦ ያጥፋሉ፣ የሠሩትን ይሞክራሉ፣ ካልሆነ ያፈርሱና እንደገና ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ተቃውሞ ያሰማሁት እኔ ነበርኩ። «ልጆቻችንን የላክናቸው እንዲያነቡና እንዲያሰሉ እንጂ ቆርኪ እንዲለቅሙ አይደለም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አንድ አባት ቀጠል አድርጎ «ልጄን ቀጥቃጭ ልታደርጊብኝ ነው እንዴ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። መምህርቷ አልሳቀችም። ትምህርቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ እንዲወሰን ተባለና ተበተንን።

በዚያው ሳምንት ከልጄ አልጋ ሥር አንድ የሽቦ መኪና አገኘሁ። ጎማዎቹ ቆርኪዎች ናቸው። አንደኛው ጎማ ይንገዳገዳል። ጥለኸው ና፣ ደብተርህን አውጣ ልለው ስል እሱ ቀደመኝ። «አባ፣ ቀዳዳው ሰፍቶብኝ ነው። በዚያኛው ጎማ ላይ ደግሞ አጥብቤው አልዞርም ብሎኝ ነበር» አለኝ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው።

ከዒሻ ሶላት በኋላ ቁርአን ስቀራ ሱረቱ ሰበእ ላይ ደረስኩ። አላህ (ሱ.ወ) ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን እንዳገራላቸው፣ ሰፋፊ ጥሩሮችን እንዲሠሩና ቀለበቶቹን ሲያያይዙም እንዲመጥኑ እንዳዘዛቸው በ10ኛውና በ11ኛው አያ ተነግሯል። ሙፈሲሮች መመጠን የሚለውን ሲያብራሩ፣ ሚስማሩ ቀጥኖ በቀለበቱ ውስጥ የሚንቀጫቀጥ፣ ወይም ወፍሮ ቀለበቱን የሚሰብር እንዳይሆን ማለት ነው ብለዋል። እዚህ ላይ ቁርአኑን ይዤ ቆምኩ። ልጅን ከነቢይ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፣ አዑዙ ቢላህ! ነገር ግን የዓለማት ጌታ በቁርአኑ ያወሳውን የመመጠን ጉዳይ እኔ በስብሰባ ላይ ቆርኪ ለቀማ ብዬ አሹፌበታለሁ።

ለመሆኑ ይህ ትምህርት ምንድን ነው? የእንግሊዝን አገር ብንመለከት፣ ንድፍና ቴክኖሎጂ በሚል ስም ከ1990 (እ.ኤ.አ.) አንስቶ በብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ከ5 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። ትንንሾቹ ማንሻን፣ ተንሸራታች ነገርን፣ ጎማንና ዘንጉን በእጃቸው ይሞክራሉ፤ የሠሩት ነገር እንዴት ጠንክሮ ሳይወድቅ እንደሚቆም ይመረምራሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን ዕቃው አይደለም። ልጁ መጀመሪያ ለማን፣ ለምን እንደሚሠራ ያስባል፤ ቀጥሎ ይሠራል፤ በመጨረሻም የሠራውን ራሱ ይፈርድበታል። ይህን ለማስተማር ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም። አንድ ወረቀት በሁለት መጻሕፍት መካከል ዘርግታችሁ ሲኒ አስቀምጡበት፣ ይወድቃል። ያንኑ ወረቀት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ደጋግማችሁ እጠፉትና አስቀምጡበት፣ ይሸከማል። ቆርቆሮ ለምን እንደተሸበሸበ ልጁ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስወጣ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ሳቅ ከየት መጣ? እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው። በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። በጎንደር ሙስሊሞች ርስት ተነፍገው፣ በ1668 (እ.ኤ.አ.) ሰፈራቸው ከሌላው እንዲለይ ተወስኖባቸው፣ ከንግድ ጋር ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሽመና ነው። የተሰደቡት አያቶቻችን ናቸው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከተማ ገብተን፣ ሱፍ ለብሰን፣ ያንኑ ስድብ ለልጆቻችን እናወርሳለን።

የቁርአን ቤቶቻችንንም እናስታውስ። ደረሳው ሉሑን ያለሰልስ፣ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጽ፣ ቀለሙን ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠብጥ ነበር። ቀለሙ ከቀጠነ ይፈሳል፣ ከወፈረ ከብዕሩ አይወርድም። አሊፍን ከመጻፉ በፊት መመጠንን ተምሯል ማለት ነው። የሐረር ስፌት የምትሰፋ እናትስ ቀለማቱን ሳትቆጥር ቅርጹን ታወጣዋለች? (ወንዶች ልጆቻችንም ስፌት ቢሞክሩ አንዳች ነገር አይጎድልባቸውም።)

የተቃወሙት ሁሉ ተሳስተዋል አልልም። ብዙ ልጅ በታጨቀበት ክፍል መቀስ ማደል ያሰጋል። ዕቃ ግዙ ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ ቢመጣ ድሃው ወላጅ ይጎዳል፤ ይህን እኔም እቃወማለሁ። ነገር ግን ጫፉ የደነዘዘ መቀስ አለ፤ ካርቶንና ቆርኪም በየሱቁ ደጃፍ ይጣላሉ። ለሒፍዝ ጊዜ ይሻማል ላሉት ወንድሞች ደግሞ፣ ልጆቻችን በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት የሚያሳልፉትን ሰዓት አስቀድመን እንቁጠር እላለሁ።

አንድ ሐዲስ ልጨምር፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ተመልሰው ሳለ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠውና የዓኢሻ (ረ.ዐ) አሻንጉሊቶች ታዩ። በመካከላቸው ከጨርቅ የተሠሩ ሁለት ክንፎች ያሉት ፈረስ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቋት። ፈረስ መሆኑን ነገረቻቸው። በላዩ ላይ ያለውንም ጠየቁ። ክንፎች ናቸው አለች። ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲገረሙ፣ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ መለሰችላቸው። የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ከዘመቻ የተመለሰ የጦር መሪ ቆሞ ስለ ጨርቅ ፈረስ ደጋግሞ ጠየቀ! እኔ ከቢሮ ስመለስ ግን ልጄን የምጠይቀው «ስንት አገኘህ?» ብቻ ነበር።

መኪናውን አልጣልነውም። ቀዳዳውን ለማጥበብ ከጫማ ሶል ትንሽ ክብ ቆርጠን በቆርኪው ውስጥ ለጠፍን፤ መላው የእሱ ነው፣ እኔ መቀሱን ያዝኩ። አሁንም ትንሽ ወደ ግራ ይስባል።

ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ባለፈው ያጨበጨባችሁልኝ ወላጆች ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ከሆነ፣ ድምፄን መለወጤን ቀድማችሁ እወቁልኝ። መምህርቷንም እዚያው በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።